የበግ ቀንድ መሪ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ካፒቴን ጋትሉዋክ ሲደውል፣ ወሰንየለሽ በሆቴሉ በር ላይ የጥበቃ ተረኞችን እያቀያየረች ነበር። ካፒቴኑ በስደት ዘመን ጋምቤላ አድጎ አዲስ አበባ የተማረ ሰው ስለሆነ አማርኛው አይደናቀፍም። የዚያን ዕለት ግን ቃል አጠረው።

«እትዬ ወሰን፣ ጀበል ድረስ ይምጡልኝ። የእናንተ ሰው ነው። የሺጥላ፣ ባለምግብ ቤቱ። ከሳይክል ወድቆ ሞቷል።»

«ወድቆ ከሞተ እኔ ምን ላድርግልህ?»

«ወድቆ መሆኑን አይተው ይንገሩኝ።»

ወሰንየለሽ አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ወንጀል መርምራለች። ማዕረጓን አስረክባ ጁባ ከገባች ስድስተኛ ዓመቷ ነው፤ አሁን የአንድ ሆቴል የጥበቃ ኃላፊ ናት። ሐበሻው ግን ዛሬም «ኢንስፔክተር» እያለ ነው የሚጠራት። ጋትሉዋክም የፖሊስ ልብስ ሲያይ አፉን የሚለጉም ሐበሻ ለእሷ እንደማይደብቅ ስለሚያውቅ፣ ነገር ሲጠብቅበት ወደ እሷ ይደውላል።

የሺጥላን በደንብ ታውቀዋለች። ጀበል ገበያ አጠገብ ካለው ምግብ ቤቱ ያልበላ ሐበሻ የለም፤ ሐዘኑን ያልሰማም የለም። አንድ ልጁ ብስራት ከጁባ ተነስቶ፣ በኡጋንዳና በኬንያ አቋርጦ እስከ አዲስ አበባ በሳይክል ለመሄድ ይለማመድ ነበር። ከአሥራ አራት ወር በፊት፣ በኒሙሌ መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ገጭቶት ሳይቆም አለፈ። ገጪው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ የሃምሳ ስድስት ዓመቱ አባት ሳይክል መንዳት ጀመረ። «ልጄ የጀመረውን መንገድ እኔ እጨርሰዋለሁ። በየሻይ ቤቱ እየቆምኩ፣ የዚያን ቀን ያለፈው መኪና የማን እንደሆነ እጠይቃለሁ» እያለ ዓመቱን ሙሉ ለበላተኛው ሁሉ ሲናገር ከርሟል። ሰኞ ሊነሳ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

ሬሳው ከድንጋይ መፍለጫው ቁልቁል በሚወርደው ኮረታማ መንገድ ዳር፣ በጎኑ ተኝቷል። ሳይክሉ ከእሱ አሥር እርምጃ ዝቅ ብሎ ተጋድሟል። መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠቀለለ የኮርሳ መሪ ነው።

ወሰንየለሽ ቁጢጥ ብላ የሟቹን እጆች ገለበጠች። መዳፎቹ አልተላጡም። ፊቱም አልተጫረም። የተሰበረው ከማጅራቱ በላይ ያለው የራስ ቅሉ ነው።

«ቁልቁል ሲበር ፍሬን የከዳው ሰው በፊቱ ነው የሚተከለው» አለች። «መጀመሪያ የሚልከውም እጁን ነው። ይሄ ሰው እጁን እንኳ አልዘረጋም።»

ቀጥላ ወደ ሳይክሉ ሄደች። ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ላይ፣ ሁለት ጥቁር የላስቲክ ገመዶች ተጠላልፈው ታስረዋል፤ ያሰሩት ዕቃ ግን የለም። ከፊት፣ መሪውን ከአንገቱ ጋር የሚያጣብቀው በአራት ብሎን የሚታሰር ክዳን ላይ ያለው ጽሑፍ ተዘቅዝቋል። የላይኞቹ ሁለት ብሎኖች እስኪያቃስቱ ጠብቀዋል፤ የታችኞቹ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አላቸው። የፍሬኖቹም ሽቦ ላላ ብሏል።

ሬሳውን መጀመሪያ ያየችው እዚያው ድንጋይ የምትፈልጥ ኬጂ የምትባል ሴት ናት። በጁባ አረብኛ ተናገረች፤ ጋትሉዋክ ተረጎመ።

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ላይ ሲወጣ አይታዋለች። ዓርብ ዓርብ ይመጣል ትላለች። ከኋላው ቀንድ ጭኖ ነበር ነው የምትለው። በግ አርዶ ቀንዱን ወደ ቤቱ የሚወስድ መስሏት ሳቀች።»

«ቀንዱ ከኋላ ነበር? ከፊት አይደለም?»

ሴትዮዋ በእጇ የራሷን ወገብ መታ መታ አደረገች። ከኋላ።

«ሲወርድስ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ቤታችን ሄድን፤ አላየንም ትላለች። ሌላ ሰው ያየች እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ሞተር ሳይክል ቀኑን ሙሉ ይወጣል ይወርዳል፣ ማንን ልቁጠር አለችኝ።»

ወሰንየለሽ ቀና ብላ ቁልቁለቱን አየችው። «ጋትሉዋክ፣ ሰዎችህ ከላይ ጀምረው እያንዳንዱን ድንጋይ ይገልብጡ።»

«ምን ይፈልጉ?»

«ሌላ መሪ።»

...

ለቅሶ ቤቱ ሞልቷል። እየሩስ፣ የሟቹ ሚስት፣ ከጓዳው ፍራሽ ላይ ተቀምጣ በደረቁ ትወዛወዛለች፤ እንባ የላትም። ወሰንየለሽን ስታይ እጇን ያዘቻት።

«አትልፊ ኢንስፔክተር። ገዳዩ እዚህ ነው ያለው። እኔ ነኝ።»

«ምን አድርገሽ?»

«በዚያ መሪ። ከብስራት ሳይክል ሌላው ሁሉ ተጨፈላልቆ የተረፈው መሪው ብቻ ነበር። ልጄ ሲሞት በሁለት እጁ የጨበጠው እሱን ነው። የሺጥላ አዲስ ቴላዮ፣ የሳይክሉን አካል፣ ሲያስመጣ፣ 'መሪው ግን የብስራት ይሁን' አልኩት። እሺ አለኝ። ቀኝ እጁ ድሮ ተሰብሮ የዳነ ነው፤ አጎንብሶ ሲነዳ ይደነዝዘዋል፣ ጣቶቹ ፍሬኑን ሰብስበው አይዙም። ሳይክል ሠሪው ሐምዱ ያን ወደ ኋላ የሚታጠፈውን፣ የፖስተኛ መሪ የሚሉትን እሰር ሲለው ከረመ። እኔ ግን እንዳይነካ ብዬ አለቀስኩበት። ይኸው ፍሬኑን መያዝ አቅቶት ሞተ። ወዳጁ መልከጼዴቅም እዚሁ ምግብ ቤት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ 'ይሄ ቀንድ ይገድልሃል' ብሎት ነበር። አልሰማሁም።»

«ዓርብ ሲወጣ ሳይክሉን አይተሽዋል?»

«የት አይቼ! ሳይክሉ ሐምዱ ጋ ነው የሰነበተው። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ የቀለበት ድግስ ነበረብን፤ እኔም ፀሎትም ስድሳ ሰው ስናበላ አመሸን። ደወልኩለት፤ አላነሳም።»

ፀሎት የብስራት እጮኛ ነበረች። ከሞተ በኋላም ከቤቱ አልወጣችም፤ አዳራሹን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ወሰንየለሽ በጓሮ በኩል አገኘቻት።

«ጉዞውን ትደግፊው ነበር?»

«አይ፣ እትዬ ወሰን። በዚያ መንገድ ሌላ ሰው እንዲሄድብኝ አልፈለግኩም። ከጋሽ የሺጥላ ጋር ተጣልተናል፤ አልደብቅዎትም። 'ገጪውን ቢያገኙትስ ምን ያደርጉታል?' ብያቸው ነበር።»

«ምን አሉሽ?»

«ዝም። ያንን ጥያቄ ሳይመልሱልኝ ሞቱ።»

«መልከጼዴቅ ከቤቱ ጋር ቅርብ ነው አይደል?»

«እንደ ወንድም ናቸው። ብስራትን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው። በሐዘኑም እንደ እሳቸው የተጎዳ የለም፤ ከዚያ ወዲህ መኪና አይነዱም። ሾፌር ቀጥረው እሳቸው በሞተር ነው የሚሄዱት። 'የመኪና መሪ ስጨብጥ ልጁ ይመጣብኛል' ይላሉ።»

...

ኮኞ ኮኞ ገበያ ውስጥ፣ ሐምዱ ሳይክል በሚሠራበት ጠባብ ሱቅ፣ ጎማዎች ከጣሪያ ተንጠልጥለዋል። ሐምዱ የደሴ ልጅ ነው፤ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ በሙያው ግን ግግም የሚል። ዜናውን ሰምቷል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ኢንስፔክተር፣ ፍሬኑ ነው የከዳው ይላሉ። እኔ ያሰርኩት ፍሬን አይከዳም።»

«ሁሉም የሚለው፣ በዚያ በኮርሳ መሪ ቁልቁለት መውረድ አልነበረበትም ነው።»

ሐምዱ የያዘውን ቁልፍ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «በየትኛው መሪ ነው የተገኘው?»

«በቀንዱ።»

«ሐሰት ነው።»

«በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ሐምዱ።»

«እኔ ሐሙስ ዕለት ፈትቼዋለሁ!» ከተቀመጠበት ተነሳ። «ስሙኝ። የኮርሳ መሪ መጥፎ አይደለም። ወገቡ ለሚታጠፍለት ሰው ንፋስ ይሰብርለታል፤ እጁንም በአምስት ቦታ እያቀያየረ ይይዛል። ለብስራት ትክክል ነበር። አባቱ ግን ሌላ ሰው ናቸው። የፖስተኛው መሪ ክንድ እንደተፈጠረ ያርፍበታል፤ ቀና ብለው አገር እያዩ ይነዳሉ። ንፋስ ይቀበላል፣ ዳገት ላይ ይከብዳል፤ ግን እሳቸው የሚቸኩሉበት የለም። በዚያ ላይ አንዴ የተጋጨ መሪ ደኅና ቢመስልም ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ይህንን አንድ ዓመት ነገርኳቸው። ረቡዕ መጥተው 'ፍታው' አሉኝ።»

«ሚስታቸው ታውቃለች?»

«እንዳትሰማ አሉ። 'ከሄድኩ በኋላ በስልክ እነግራታለሁ፣ ፊቷን እያየሁ አልችልም' አሉኝ። ለማንም አልተናገሩም፤ እኔም አልተናገርኩም።»

«ዓርብ እዚህ መጥተው ነበር?»

«ከጁምዓ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወሰዱት። የፖስተኛው መሪ ከዚህ ሱቅ ሁለት ወር ተሰቅሎ ሲኖር ጥቁር የላስቲክ መያዣ ነበረው። እጃቸውን እንዳያልባቸው ብዬ፣ እሳቸው እዚህ ቁጭ ብለው እየጠበቁኝ፣ ከአሮጌ ቦርሳዬ ቡናማ ቆዳ ቆርጬ ሰፋሁበት። ጨብጠው አዩትና 'እጄ ቤቱን አገኘ' አሉ።»

«የብስራትንስ መሪ?»

ሐምዱ ወደ መሬት አየ። «ከነፍሬን መያዣው ከኋላ አሰርኩላቸው። እስከ ሰኞ ከሳይክሉ አይለየኝ አሉ። ልጁ የወደቀበት ቦታ ሲደርሱ ከመንገዱ ዳር ሊያስቀምጡት ነበር። 'ዓመቱን ሙሉ እጠይቃለሁ እያልኩ ዛትኩ። አሁን ደከመኝ ሐምዱ። መሪውን ለልጄ መልሼ አልፋለሁ፤ ማንንም አልጠይቅም' አሉኝ። ትናንት ነው እኮ ያሉኝ።»

ወሰንየለሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨመረች። «መሪ የሚይዘውን ክዳን ጽሑፉን ዘቅዝቀህ ታስረዋለህ?»

«ተኝቼም ቢሆን አላደርገውም።»

...

የመልከጼዴቅ የጭነት መኪና ግቢ ጉምቦ ነው፤ ከድልድዩ ማዶ፣ የኒሙሌ መንገድ ከሚጀምርበት። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ ወደ ለቅሶ ቤት ሊሄድ ሲል ደረሰችበት። ሞተር ሳይክሉ በሩ ላይ ቆሟል።

«ወሰን፣ ምን ጉድ ነው የመጣብን?»

«እኔም ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ሰኞ። ምግብ ቤቱ ውስጥ አብረን ምሳ በላን። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።»

«በስልክስ?»

«ረቡዕ ጠዋት ይመስለኛል። ዓርብ ልደውልለት አስቤ ሥራ ያዘኝ። አይ ሰው! ብደውልለት ኖሮ እኮ…» ራሱን ነቀነቀ።

«ስለ መሪው ይጨነቅ ነበር ይባላል።»

«የሞተው በእሱ አይደል! ስንት ጊዜ ለመንኩት። ያንን ባለቡናማ ቆዳ መያዣውን፣ የፖስተኛውን መሪ ቢያስር ኖሮ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር። ለእየሩስ ሲል ነው የሞተው። ይህንን ለእሷ አትንገሪያት እንጂ።»

«አልነግራትም» አለች ወሰንየለሽ።

ከግቢው ወጣች። ከሰውየው ጋር ስንት በዓል አብረው ውለዋል። ወደ ቤቷ ግን አልተመለሰችም፤ ጉምቦ ውስጥ ሾፌሮች ሻይ የሚጠጡበት ዛፍ ሥር ተቀምጣ እስከ አመሻሹ ቆየች። ሾፌሮቹ የነገሯት አጭር ነው። መልከጼዴቅ ራሱ የሚነዳት ሰማያዊ የጭነት መኪና ነበረችው። ብስራት በሞተ በአሥረኛው ቀን ወስዶ ድንበር ማዶ ሸጣት። ጤነኛ መኪና ናት፤ ለምን እንደሸጣት ማንም አልገባውም።

ጨለማው ሳይወርድ ጋትሉዋክ ደወለ። «አገኘነው፣ እትዬ ወሰን። ከድንጋይ መፍለጫው ከፍ ብሎ፣ ከተቆለለ ድንጋይ ሥር። ወደ ኋላ የታጠፈ መሪ። መያዣው የቆዳ ነው።»

«ቀለሙ?»

«ቡናማ።»

...

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለቀስተኛው ለጥቂት ጊዜ ከምግብ ቤቱ አዳራሽ እንዲወጣ ተደረገ። አራት ሰው ቀረ። እየሩስና ፀሎት ተደጋግፈው ተቀመጡ። ሐምዱ ከበሩ አጠገብ ቆመ። መልከጼዴቅ ከእየሩስ ጎን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ የነጠላዋን ጫፍ ከመሬት አንስቶ ትከሻዋ ላይ መለሰላት። ጋትሉዋክ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ወደ ኋላ ሸሸ።

ወሰንየለሽ አልተቀመጠችም።

«የሺጥላ አልወደቀም» አለች። «ተገድሎ ነው። እየሩስ፣ ይህንን መጀመሪያ አንቺ ስሚኝ። የሚወድቅ ሰው መዳፉ ይላጣል፤ የእሱ መዳፍ ንጹሕ ነው። የተመታው ከኋላው፣ በድንጋይ ነው።»

እየሩስ የፀሎትን ክንድ ጨበጠች።

«በዚያ መሪም አልነበረም የሚነዳው። ሐሙስ ዕለት ሐምዱ ፈትቶለት የፖስተኛውን አስሮለታል። የብስራትን መሪ ከኋላ ጭኖት ነበር። ድንጋይ የምትፈልጠው ሴት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀንድ ከኋላው ጭኖ ሲያልፍ አይታዋለች። እኛ ስናገኘው ቀንዱ ከፊት ነው፤ ከኋላ ባዶ ገመድ ብቻ። እንግዲህ ከላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ሰው መሪዎቹን አለዋውጧል። ለምን? የሺጥላ በዚያ መሪ ፍሬን መያዝ እንደማይችል ሁላችሁም ታውቁ ነበር። ሁላችንም 'አይ፣ ያ መሪ ገደለው' ብለን እንድንቀብረው ነው።»

«ሐምዱ ነው እንዴ?» አለች ፀሎት፤ ዓይኗን ወደ በሩ መለሰች።

«መሪ ፈትቶ ማሰር ከሐምዱ በላይ ማን ይችላል? ነገር ግን የለወጠው ሰው ክዳኑን ዘቅዝቆ፣ ከላይ አጥብቆ ከታች አላልቶ ነው ያሰረው። ብሎን የሚያውቅ፣ ሳይክል የማያውቅ፣ የቸኮለ እጅ ነው። ሐምዱ ቢሆን ኖሮ ምንም አላገኝም ነበር። እናንተ ሁለታችሁ ደግሞ ስድሳ ሰው ፊት ቆማችሁ ነበር።»

መልከጼዴቅ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወሰን፣ ጀበል እኮ ስንት ወንበዴ አለ።»

«ወንበዴ ሳይክሉን ይወስዳል፤ መሪ አይቀይርም። ስለ የሺጥላ እጅ የሚያውቅ ወንበዴም የለም።» ጋዜጣውን ገለጠችው። «ይህ ከድንጋይ ሥር የወጣው መሪ ነው። ሐምዱ፣ መያዣው ያንተ ነው?»

«የእኔ ስፌት ነው።»

«መቼ ሰፋኸው?»

«ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ። እሳቸው እየጠበቁኝ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ጥቁር ላስቲክ ነበር።»

ወሰንየለሽ ወደ መልከጼዴቅ ዞረች። «ትናንት ግቢህ ውስጥ ምን አልከኝ? የሺጥላን ከሰኞ ወዲህ አላየሁትም፤ ዓርብም በስልክ አልተገናኘንም አልክ። ቀጥለህ ደግሞ 'ያንን ባለቡናማ ቆዳ መያዣውን መሪ ቢያስር ኖሮ' አልከኝ። ቡናማው ቆዳ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የተወለደው፣ መልከጼዴቅ። የት አየኸው?»

ከውጭ የሴቶች ለቅሶ ይሰማል።

«ሐምዱ ይሆናል የነገረኝ።»

«እኔና እርስዎ ከተነጋገርን ወር አልፎናል» አለ ሐምዱ።

«ኻላስ» አለ ጋትሉዋክ በዝግታ። «ይበቃል፣ ጋሼ።»

እየሩስ ወንበሯን ሳታንቀሳቅስ መላ ሰውነቷን ከመልከጼዴቅ አራቀች። «ለምን?» አለች። «ወንድምህ አልነበረም?»

በእሱ ፈንታ ወሰንየለሽ ቀጠለች። «ሰማያዊዋን መኪናህን ብስራት በሞተ በአሥረኛው ቀን ሸጥካት። ከዚያ ወዲህም የመኪና መሪ አልጨበጥክም። ሐዘን ነው ብለው አዘኑልህ። ሰኞ ደግሞ አባቱ በዚያ መንገድ ሻይ ቤት በሻይ ቤት እየጠየቀ ሊሄድ ነበር።»

ትልቁ ሰው በአንድ ጊዜ ያረጀ መሰለ። ሲናገርም ወደ ማንም አላየም።

«ረዳቴ ታሞ ብቻዬን ነበርኩ። እኔ ነበርኩ የምነዳው። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም፤ ዓይኔን ከደን ሳደርግ ድምፅ ሰማሁ። ፍየል ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። በመስታወት አየሁ፤ ፍየል አልነበረም። ፈራሁ። በዚያ መንገድ ሰው የገጨ ከቆመ አይተርፍም ብዬ ረገጥኩት። ማን እንደሆነ አላወቅኩም። በእየሩስ ፊት እምላለሁ፣ አላወቅኩም። ድንበሩ ጋ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። የሺጥላ ነው። 'ልጄን ገደሉብኝ፣ ድረስልኝ' አለኝ።» እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «ደረስኩለት።»

«ዓርብስ?» አለች ወሰንየለሽ።

«እንዲተወው ልለምነው ነው የወጣሁት። ለመግደል አይደለም። ያ መሪ ከኋላው ታስሮ አየሁት። 'የት ልታደርሰው ነው?' አልኩት። 'ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ' አለኝ። መሪው ላይ የመኪናዬ ሰማያዊ ቀለም ይኖራል ብዬ ያላሰብኩበት ሌሊት የለም። ለምስክር የሚወስደው መሰለኝ፤ በኋላ ሳስረው ሳየው ግን ቀለም የሚባል አልነበረበትም። ዞር ሲልልኝ…»

አልጨረሰውም።

«አይጠይቁም ነበር» አለ ሐምዱ ከበሩ። «ዓርብ ዕለት ነግረውኛል። ማንንም አልጠይቅም፣ መሪውን አስቀምጬ አልፋለሁ ብለው ነበር። ጥያቄውን ትተውት ነበር!»

መልከጼዴቅ ሐምዱን አየው። ደጋግሞ አየው፤ ሌላ ቃል እንዲጨምርለት የሚጠብቅ ይመስል። ከዚያ ከደረቱ የወጣው ድምፅ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልታወቀም።

ጋትሉዋክ ሊያስነሳው ክንዱን ሲይዝ እየሩስ እጇን አነሳች። «ቆይ። አንድ ነገር ልጠይቀው።»

ወደ መልከጼዴቅ ዞረች።

«በመስታወት አየሁት አልክ። ስታየው ልጄ ሞቶ ነበር?»

መልከጼዴቅ ቃል መመለስ ፈርቶ ወሰንየለሽን አየ። ወሰንየለሽ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ብዙ ሰው እንዲናገር አስገድዳለች፤ ይህንን ሰው ግን ዝም በል ልትለው ፈለገች። አልቻለችም።

«እጁን አንስቶ ነበር» አለ።

ፀሎት ጮኻ ወጣች። እየሩስ አልጮኸችም። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ረግቶ ድንጋይ ሆነ። ፖሊሶቹ መልከጼዴቅን ይዘውት ሲወጡ፣ ለቀስተኞቹ ለእስረኛ መሆኑን ሳያውቁ መንገድ ለቀቁለት፤ አንዲት ሴትዮም «አይዞህ ወንድሜ» ብላ ትከሻውን ዳበሰችው።

ወሰንየለሽ ከእየሩስ አጠገብ ተቀመጠች። ለዚህች ሴት ሸክም ላቀልላት ነው ብላ ነበር የመጣችው።

እየሩስ ተናገረች። «የሺጥላን ነገ በአውሮፕላን ወደ አገር ቤት ሊልኩት ነው። ሳጥኑም ተዘጋጅቷል።»

«አዎ። የሐበሻው ኮሚቴ ጨርሶታል።»

«አስቀሪልኝ። እዚሁ ልጁ አጠገብ ይቀበር።»

«አንቺስ እየሩስ? ወንድሞችሽ እኮ እንድትመጪ እየጠበቁሽ ነው።»

«ልጄ እጁን አንስቶ ማንም አልመጣለትም» አለች። «እኔ ከዚህ የት እሄዳለሁ?»

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቀበሩት። ሳጥኑን ከፊት ሐምዱና ጋትሉዋክ ያዙት። ዝናብ አልነበረም፤ አፈሩ ደርቆ ነበርና አካፋው እየተመለሰ አስቸገረ። ጉድጓዱ ተደፍኖ ሕዝቡ ሲበተን እየሩስ አልተነሳችም። ወሰንየለሽ በሥራ ሰዓት ሆቴሉ ሁለት ጊዜ ደወለላት፤ ስልኳን አጥፍታ ከሴትዮዋ ኋላ ቆመች። እስከ ቀትር ድረስ አብራት ቆየች።